ዐውድ ምንድን ነው? «ግብር»፣ «ግእዝ» እና «ጨጓራ አለብኝ» በጎንደር

ዐውድ ማለት አንድ ቃል የተነገረበት ዙሪያ ነው። ከፊቱና ከኋላው ያሉት ቃላት፣ የተናገረው ሰው፣ የሚሰማው ሰው፣ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ የሙያው ዓይነት፤ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ዐውድ ይባላል። ቃሉ ከግእዝ የመጣ ሲሆን መነሻው መዞር፣ መክበብ ነው። በየዓመቱ ዞሮ የሚመጣውን በዓል ዐውደ ዓመት የምንለው ለዚህ ነው፤ በአፋችን «አውዳመት» አድርገነዋል። ምእመኑ ተሰብስቦ ትምህርት የሚሰማበት የቤተ ክርስቲያን ቅጥርም ዐውደ ምሕረት ነው።

ሰው ብዙ ጊዜ ትርጉም ቃሉ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። መዝገበ ቃላት ገልጦ ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን መዝገበ ቃላቱ የሚሰጠን ዕድሎችን ነው። ከዕድሎቹ አንዱን የሚመርጠው ዐውዱ ነው። ይህንን ለማየት ደግሞ ከጎንደር የተሻለ ከተማ አላውቅም። ቤተ መንግሥቱ፣ ገበያው፣ ቅኔ ቤቱ፣ ሆስፒታሉና ኳስ ሜዳው ተቀራርበው ይኖራሉ፤ አንዱን ቃል ሁሉም በየፊናው ይጠቀምበታል።

እስቲ «ግብር»ን እንያት።

ፒያሳ ሱቅ ላለው ነጋዴ ግብር ማለት ለገቢዎች የሚከፈል ገንዘብ ነው። ሐምሌ ሲመጣ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው። ያው ነጋዴ ከሱቁ ወጥቶ ጥቂት ቢራመድ ፋሲል ግቢ ይደርሳል። እዚያ አስጎብኚው ከ1721 እስከ 1730 እ.ኤ.አ. የነገሡትን የአፄ በካፋን ግንብ እያሳየ ስለ ግብር ሊያወራ ይችላል። ይህኛው ግብር የሚበላ ነው። ንጉሡ መኳንንቱን፣ ካህናቱንና ሠራዊቱን አዳራሽ ሰብስቦ ያበላል፣ ያጠጣል። «ግብር አገባ» ሲባል ሰውየው ከፈለ ማለት ነው። «ግብር አበላ» ሲባል ደግሞ ደገሰ ማለት ነው። ልዩነቱን ያመጣው ጎኑ የቆመው ግሥ ነው። ከዐውድ ሁሉ ትንሹና የቅርቡ ይህ ነው፤ የጎረቤት ቃል።

አሁን ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንግባ። ስለ ምሥጢረ ሥላሴ የሚያስተምሩ መምህር «በስም፣ በአካል፣ በግብር ሦስት» ይላሉ። እዚህ ጋ ግብር ገንዘብም ድግስም አይደለም። የአብ ግብሩ መውለድና ማሥረፅ (ማውጣት)፣ የወልድ ግብሩ መወለድ፣ የመንፈስ ቅዱስ ግብሩ መሥረፅ (መውጣት) ነው። ግብር እዚህ እያንዳንዱን አካል ከሌላው የሚለየው ነገር ማለት ነው። የግብር ከፋይነቱን ትርጉም ብቻ ይዞ እዚህ ጉባኤ የተቀመጠ ሰው አንዲት ነገር ሳይገባው ይወጣል።

እነዚህ ትርጉሞች ዝም ብለው የተሰበሰቡ እንግዶች አይደሉም። ዘመዳሞች ናቸው። በግእዝ ገብረ ማለት ሠራ፣ አደረገ ነው፤ ግብር ሥራ ነው። ግብርና የመሬት ሥራ ነው፤ ምግባር የሰው ሥራ ነው። በነገሥታቱ ዘመን ገባሩ፣ ማለትም ግብር ከፋዩ ገበሬ፣ ከሥራው ፍሬ፣ ከእህሉ፣ ከማሩ፣ ከከብቱ ለቤተ መንግሥት ያስገባ ነበር። ያስገባውም ነገር ተመልሶ በንጉሡ ማዕድ ላይ ይቀርብ ነበር። የሚከፈለው ግብርና የሚበላው ግብር በታሪክ የተያያዙት በዚህ በኩል ነው። የቋንቋ አጥኚዎች እንዲህ ያለውን ቃል አንድ ሥር ያለው፣ ብዙ ፍች ያወጣ ቃል ይሉታል። በአጋጣሚ በመልክ ብቻ ከሚገጣጠሙት ይለዩታል።

«ሥራ» ራሱም ቢሆን ሙያ ሲለወጥ ይለወጣል። ቅዳሜ ገበያ አንድ ተሸካሚ ኩንታል ጤፍ ጀርባው ላይ አድርጎ ቆሞ ቢጠብቅ፣ ላቡ ቢንጠፈጠፍም፣ በፊዚክስ ሕግ ጤፉ ላይ የሠራው ሥራ ዜሮ ነው። ለፊዚክስ ሥራ ማለት የተገፋው ወይም የተነሣው ነገር በተገፋበት አቅጣጫ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ተሸካሚው ይህን ቢሰማ ቢቆጣ አይፈረድበትም፤ የሚከፈለው በሌላኛው ትርጉም ነውና።

አንድ ግቢ ውስጥ ሆኖ እንኳ ቃል ይለወጣል። «ግእዝ»ን ተመልከቱ። ቋንቋ ነው። የፊደል የመጀመሪያው ረድፍም ነው፤ «በ» ግእዝ፣ «ቡ» ካዕብ፣ «ቢ» ሣልስ እያልን የቆጠርነው። የዜማ ዓይነትም ነው፤ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተብሎ ይከፈላልና። ስለዚህ አንድ ዲያቆን ለጓደኛው «ዛሬ ቅዳሴው በግእዝ ነው» ቢለው፣ አጠገባቸው የቆመ እንግዳ ስለ ቋንቋው የተወራ ይመስለዋል። ሁለቱ ግን ስለ ዜማው እያወሩ ሊሆን ይችላል። ቃሉ በአማርኛ እየተቀደሰ ዜማው ግእዝ መሆን ይችላል። ሦስቱም ትርጉም የሚኖሩት በአንድ አጥር ውስጥ፣ በአንድ ሰው አፍ ላይ ነው። እዚህ ቦታው አይረዳም፤ የሚረዳው ስለ ምን እየተወራ እንደሆነ ማወቅ ነው።

ጎንደር በአንድምታ ትርጓሜም የታወቀች ናት። ላይ ቤት እና ታች ቤት የሚባሉት ሁለቱ የትርጓሜ ወገኖች የጎንደር ናቸው። (ለተራው ሰው ላይ ቤት የጎረቤት አቅጣጫ ነው፤ ለመጽሐፍ ተማሪ ግን የትርጓሜ ወገን።) መምህሩ አንድ ንባብ ያነባሉ፣ ይፈቱታል። ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላ ፍች ያመጣሉ፤ ደግመው «አንድም» ይላሉ። ይህ አሠራር በጣም ያስደንቀኛል። አንድ ቃል ከአንድ በላይ ትርጉም እንዳለው አምኖ ይነሣል። ነገር ግን ልቅ አይደለም። እያንዳንዱ ፍች ከላይና ከታች ካለው ንባብ፣ ከታሪኩ፣ ከሌላው መጽሐፍ ጋር መስማማት አለበት። የዐውድን ነገር አባቶቻችን በጉባኤ ተቀምጠው ትውልድ ሲያስተምሩበት ኖረዋል። ሰምና ወርቁ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። ባለቅኔው አንዱን ቃል በአንድ ጊዜ ሁለት ዐውድ ውስጥ ያቆመዋል፤ ሰሚው ሁለቱንም እንዲያገኝ ይፈልጋል።

ቅኔ ያልተማርን ሰዎችም ብንሆን አማርኛ ስናነብ ሳናስበው ይህንኑ እንሠራለን። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ሰፊ» የሚለው ጽሑፍ ስለ ቤት ከሆነ ትልቅ ነው፤ ስለ ልብስ ከሆነ በመርፌ የሚሠራው ሰው ነው። «ገና» በዓልም ነው፣ አልደረሰም ማለትም ነው። «ፋሲል ግቢ አለኝ» ብላ አንዲት ልጅ ብትጽፍላችሁስ? ፋሲል የሚባል ሰው «ነይ ግቢ» ብሏት ሊሆን ይችላል። ቀጥላ «ቀጠሮ» ብላ ከጻፈች ግን ግንቡ ጋ ሰው ልታገኝ ነው። ሆሄው አንድ ነው። ዓይናችን ግን ቀጣዩን ቃል አይቶ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ያነበበውን ያቃናል።

ነገሩ ጨዋታ መሆኑ የሚያበቃው ሆስፒታል ስንገባ ነው።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው የተጀመረው። እስከ ዛሬም ሐኪሞች ከየአገሩ መጥተው ይማሩበታል። እነዚህ ተማሪዎች በመጽሐፍ የተማሩት ሕክምና አለ፤ ከበሽተኛው አፍ የሚሰሙት ሌላ ቋንቋ አለ። «ጨጓራ አለብኝ» ይላል በሽተኛው። ጨጓራ የሌለው ሰው የለም። ነገር ግን «አለኝ» ሳይሆን «አለብኝ» ነው ያለው። ያቺ «ብ» የሰውነት ክፍሉን በሽታ አደረገችው። ስኳርም እንደዚሁ ነው። ሱቅ ላይ «ስኳር አለ?» ብንል ኪሎ ይመዘንልናል። ክሊኒክ ውስጥ «ስኳር አለብሽ?» ከተባለ የሚመዘነው ደም ውስጥ ያለው ነው። ግፊት፣ ኩላሊት፣ ነርቭ ሁሉም በዚህ መንገድ የበሽታ ስም ሆነዋል።

ከሁሉ የሚከብደው «ልብ» ነው። ከገጠር የመጣች እናት «ልቤን ያቃጥለኛል» ብትል፣ ደረቷ ውስጥ ስለሚመታው ልብ ላይሆን ይችላል የምታወራው። እጇን ካስተዋላችሁ ብዙ ጊዜ ያረፈው ከደረቷ በታች፣ ከእምብርቷ በላይ ነው። በሷ አነጋገር ቃር ወይም የጨጓራ ሕመም ሊሆን ይችላል። ልብ በአማርኛ ሐሳብም ነው፤ «ልብ በል» እንላለን፣ «ልብ የለውም» እንላለን። ድፍረትም ነው፣ ማስተዋልም ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ቃሉን ብቻ ይዞ ቢሮጥ ወዳልሆነ ምርመራ ሊሄድ ይችላል። በተቃራኒውም እውነተኛውን የልብ ሕመም «ቃር ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነው። ጥሩ ሐኪም «እማማ፣ የቱ ጋ ነው? በእጅዎ ያሳዩኝ» ይላል። እጅም ዐውድ ነው። ፊትም ዐውድ ነው።

የላቦራቶሪ ውጤትም አለ። በተለመደው አነጋገር «ፖዘቲቭ ሰው ነው» ማለት ቀና ነው፣ በጎ ያስባል ማለት ነው። በምርመራ ወረቀት ላይ ግን ፖዘቲቭ ማለት የተፈለገው ነገር ተገኘ ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜም የተፈለገው በሽታ ነው። «ኔጋቲቭ» ስትባል የምትደነግጥ ሴት ብትኖር አያስገርምም። አማርኛው «ነጻ ነሽ» ይበልጥ ይገባል። እሱም ግን እንደ ቦታው ይለያያል። ፍርድ ቤት ነጻ የወጣ ሰው ሌላ ነው። በነጻ የታከመ ሰው ሌላ ነው። እኔ ውጤት የሚነግር ባለሙያ ሁሉ ከቃሉ ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጨምር አጥብቄ እመኛለሁ። «ኔጋቲቭ ነው፤ በሽታው አልተገኘብሽም» ማለት አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ያቺ ሴት ግን ቤቷ እስክትደርስ ስታስበው የምትሄደው ነገር ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ በውጭ ዓለምም ብዙ ተብሏል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ጎትሎብ ፍሬገ በ1884 እ.ኤ.አ. የቃልን ትርጉም በዓረፍተ ነገር ውስጥ እንጂ ነጥሎ መጠየቅ እንደማይገባ እንደ ደንብ አስቀመጠ። ፖላንድ የተወለደው አንትሮፖሎጂስት ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ በፓስፊክ ውቅያኖስ ባሉት በትሮብሪያንድ ደሴቶች ከኖረ በኋላ፣ በ1923 እ.ኤ.አ. ዓረፍተ ነገርም ብቻውን አይበቃም አለ። የሚሠራውን ሥራና የሚኖረውን ኑሮ ካላወቃችሁ የሰዎቹ ንግግር አይተረጎምም የሚል ነው። እንግሊዛዊው የቋንቋ አጥኚ ጆን ሩፐርት ፈርዝ ደግሞ በ1957 እ.ኤ.አ. ቃል የሚታወቀው አብረውት በሚውሉት ቃላት ነው አለ። ዛሬ ስልካችን ላይ ያሉት የትርጉም ፕሮግራሞች ቃላትን የሚማሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ከማን ጋር እንደሚውሉ በብዙ ጽሑፍ ውስጥ እያዩ። የአማርኛ ጽሑፍ ባነሰ ቁጥር ታዲያ የሚያዩት ዐውድም ያንሳል።

ኳስና ታክሲን ቶሎ ልለፋቸው። «ፋሲል አሸነፈ» ሲባል ንጉሡ አይደሉም፤ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሣው ፋሲል ከነማ ነው። «ዐፄዎቹ» ሲባልም እንደዚያው። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» የሚለው ሰው ደርሷል፤ በሊጉ ሰንጠረዥ ወራጅ የሆነ ቡድን ግን ወደ ታችኛው ሊግ የሚወርድ ነው።

ሕግ ይህን ችግር በጣም ያውቀዋል። የአገራችንን አዋጆች ብትገልጡ መጀመሪያ አካባቢ «ትርጓሜ» የሚል አንቀጽ ታገኛላችሁ። የሚጀምረውም «በዚህ አዋጅ ውስጥ የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር» በሚል ሐረግ ነው። ሕግ አውጪው ቃሉን እዚያው ይወስነዋል፣ ለዐውድ ደግሞ በር ይተውለታል። እዚህ «አገባብ» የተባለው ዐውድ ነው። ቅኔ ቤት ሄዳችሁ አገባብ ብትሉ ግን ዐቢይ አገባብ፣ ንዑስ አገባብ፣ ደቂቅ አገባብ እየተባለ የሚጠና የሰዋስው ክፍል ነው የሚያስተምሯችሁ።

ይህ የትርጓሜ አንቀጽ ከሕግ ውጭም ቢለመድ እወዳለሁ፤ በተለይ የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ሲከቡ። ለጎንደር ሰው ቅርብ የሆነው ምሳሌ «ጥገና» ነው። ለጋራዥ መካኒክ ጥገና ማለት ያረጀውን ዕቃ አውጥቶ አዲስ መግጠም ነው። ለግንበኛ ብዙ ጊዜ የተሰነጠቀውን በሲሚንቶ መድፈን ነው። ለቅርስ ባለሙያ ግን ጥገና ማለት አሮጌው አሮጌ እንደሆነ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ፋሲል ግቢ ይህን በአካሉ አይቶታል። በጣልያን ወረራ ዘመን በተደረገው እድሳት ግንቦቹ ላይ ሲሚንቶ ገባ፤ የመጀመሪያው ማያያዣ ግን ኖራ ነበር። በኋላ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ድጋፍ በተሠራው ሥራ ሲሚንቶው እየተነሣ በኖራ ተተካ። በ1979 እ.ኤ.አ. ግቢው በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በቅርቡ ሰፊ ጥገና ሲካሄድም በየቡና ቤቱ ክርክር ነበር። አንዱ «አምሯል» ይላል፣ ሌላው «መልኩ ተለወጠ» ይላል። ሁለቱም ጥገና የሚለውን ቃል ይጠቀማሉ። አንደኛው ግን ስለ ማደስ ነው የሚያወራው፣ ሌላኛው ስለ መጠበቅ። ስለ ኖራውና ስለ ቀለሙ መከራከር የሚቻለው ሁለቱ ጥገና ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ከተጠያየቁ በኋላ ነው።