የመርከብ ባንዲራዎችና መልእክታቸው

መርከብ ላይ የሚሰቀል ባንዲራ ሁሉ ሥራ አለው። ሥራውን ለማወቅ መጀመሪያ የት እንደተሰቀለ ማየት ነው።

ከኋላ ጫፍ የሚውለበለበው መርከቡ የተመዘገበበት አገር ባንዲራ ነው። በባሕር ሕግ አንድ መርከብ ከአንድ አገር በላይ ባንዲራ ይዞ መጓዝ አይችልም። ባለቤቱ ግን የሌላ አገር ሰው ሊሆን ይችላል። የፓናማና የላይቤሪያ ባንዲራ በየወደቡ የሚታየው ለዚህ ነው። መርከቡ የሰው አገር ወደብ ሲገባ የዚያን አገር ባንዲራ በቀኝ በኩል ይሰቅላል፤ ይህ አክብሮት ነው። የንግድ መርከብ የጦር መርከብ ሲያገኝ ደግሞ ባንዲራውን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይላል።

ከሁሉም የሚደንቁት የምልክት ባንዲራዎች ናቸው። ቋንቋ ለቋንቋ የማይግባቡ መርከበኞች የሚነጋገሩት በእነዚህ ነው። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የምልክት መጽሐፍ በ1857 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ አሁን የምንሠራበት በ1969 ሥራ ላይ ዋለ። ለ26ቱ የላቲን ፊደላትና ለ10ሩ ቁጥሮች ለእያንዳንዳቸው ባንዲራ አለ። ቀለሞቹ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ ናቸው፤ ከሩቅ የሚለዩት እነሱ ናቸውና።

ደንቡ ቀላል ነው፤ አስቸኳይ ነገር በአንድ ባንዲራ ይነገራል። በሰያፍ ቀይና ቢጫ የሆነው «ኦ» ሰው ባሕር ውስጥ ወድቋል ማለት ነው። ነጭና ሰማያዊው «ኤ» ጠላቂ ውሃ ውስጥ ስላለ ራቁ፣ ቀስ ብላችሁ እለፉ ይላል። ሙሉ ቀዩ «ቢ» አደገኛ ጭነት እንዳለ ያስጠነቅቃል። ሰማያዊ ሆኖ መሃሉ ነጭ የሆነው «ፒ» ወደብ ላይ ከተሰቀለ መርከቡ ሊነሳ ነው፤ ሁሉም ይግባ። «ኤን» ከላይ፣ «ሲ» ከታች ከታዩ መርከቡ ጭንቅ ላይ ነው፤ ድረሱልኝ እያለ ነው። ቢጫው «ኪው» ትርጉሙ ተገልብጧል። ድሮ ቢጫ ባንዲራ የበሽታ ምልክት ነበር። ዛሬ «መርከቤ ጤነኛ ነው፣ የመግቢያ ፈቃድ ስጡኝ» ማለት ነው።

አንድ ፊደል ሁለቴ ቢያስፈልግስ? ለዚህ ሦስት ተተኪ ባንዲራዎች አሉ። 1100 ለማለት መጀመሪያ 1 ይሰቀላል። ቀጥሎ አንደኛው ተተኪ የመጀመሪያውን ይደግማል። ከዚያ 0፣ በመጨረሻም ሦስተኛውን የሚደግመው ሦስተኛ ተተኪ ይከተላል። አንድ ስብስብ ባንዲራ በቂ የሚሆነው በዚህ ዘዴ ነው።

መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ቃል ግን በፊደል በፊደል ይጻፋል፤ ይህ ጊዜ ይፈጃል። በ1805 እ.ኤ.አ. በትራፋልጋር የባሕር ጦርነት የእንግሊዝ መርከቦች አዛዥ አድሚራል ኔልሰን «እንግሊዝ ትተማመናለች» የሚል መልእክት አዘዘ። የምልክት መኮንኑ ጆን ፓስኮ ቃሉ በጊዜው በነበረው የምልክት መጽሐፍ ውስጥ ስላልነበረ «ትጠብቃለች» እንዲባል ጠየቀ፤ ኔልሰንም እሺ አለ። ዛሬ የሚታወቀው የተቀየረው ነው።

ሬዲዮ ሥራውን ቢቀንሰውም ባንዲራዎቹ አልቀሩም። ተቀባዩም የራሱ መልስ መስጫ ባንዲራ አለው፤ መልእክቱን ሲያይ እስከ ግማሽ፣ ሲገባው እስከ ላይ ይሰቅለዋል።