ኦቲዝም፣ መማርና ማስታወስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሁሉን በቃሉ የሚይዝ ልጅ ትምህርት አይከብደውም፤ አመል ነው።»
ደሴ ውስጥ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ያሉትን ፌርማታዎች ሳይሳሳት የሚዘረዝር ኦቲዝም (ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ፣ መግባባትንና ባህርይን የሚነካ ሁኔታ) ያለበት ልጅ፣ ትናንት ገበያ ውስጥ ማንን እንዳገኘ ሲጠየቅ ዝም ካለ፣ ጎረቤት «አውቆ ነው» ይላል። ይሁን እንጂ ማስታወስ አንድ ችሎታ ብቻ አይደለም። ስሞችንና ቅደም ተከተሎችን መያዝ አንድ ነገር ሲሆን፣ በራስ ላይ የደረሰን ክስተት ከቦታው፣ ከጊዜውና ከሰዎቹ ጋር አያይዞ ማምጣት ደግሞ ሌላ ነው። ለዚህኛው ሥራ በአንጎል ውስጥ ጠለቅ ብሎ የሚገኘው ሂፖካምፐስ ከግንባር ጀርባ ካለው የአንጎል ክፍል ጋር መቀናጀት አለበት፤ ኦቲዝም ያለባቸውን ብዙ ሰዎች የሚያስቸግራቸውም ይኸው ማያያዝ ነው። «ትናንት ምን አደረግህ?» የሚለው ጥያቄ ምንም ፍንጭ ስለማይሰጥ ይከብዳል፤ «ገበያ ከማን ጋር ሄድክ?» ሲባል ግን መልሱ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

«አንጎሉ አንድ ቦታ ላይ ተጎድቷል።»
በአብዛኛው በኤምአርአይ ምስል ላይ ይህ ነው ተብሎ የሚጠቆም ጉዳት አይታይም። ልዩነቱ ያለው የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ በሚገናኙባቸው ቦታዎችና የአንጎል ክፍሎች በሚቀናጁበት መንገድ ላይ ነው። ለምሳሌ ሻንክ3 የተባለው ዘረመል መልእክት ተቀባዩን የግንኙነት ጫፍ የሚደግፍ ፕሮቲን የሚያሠራ ሲሆን፣ ሲጓደል ኦቲዝምና የመማር ችግር ሊያስከትል ይችላል። ቀድሞ ለሰውነት ሚዛን ብቻ የሚያገለግል ይመስል የነበረው፣ ሴሬቤለም የተባለው የኋለኛው የአንጎል ክፍልም ከስህተት በመማር ረገድ ድርሻ አለው፤ ከሞቱ በኋላ በተመረመሩ በርካታ ኦቲዝም በነበረባቸው ሰዎች አንጎል ላይም በዚሁ ክፍል የሚገኙት ፐርኪንጄ የተባሉ የነርቭ ሴሎች ቁጥራቸው አንሶ ተገኝቷል።

«እርግማን ነው፤ ወይም ክትባት ያመጣው ነው።»
ጠበሉም ሆነ ዱዓው ቤተሰብን ካጽናና የሚነቅፈው የለም፤ እናትን መውቀስ ግን መሠረት የለውም። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የ1998 ጽሑፍም ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በ2010 ተሰርዟል።

«ደብተር ላይ ከቻለ ሱቅም ይችላል።»
ይህ ከሁሉም በላይ ልጁን ይጎዳል፤ ምክንያቱም ከ50 ብር ላይ 35 ቀንሶ 15 የሚጽፍ ተማሪ ዳቦ ገዝቶ መልሱን መቁጠር ሲያቅተው ሰነፍ ይባላል። አንድ ቦታ የተማሩትን ወደ ሌላ ቦታ ማሻገር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ጫጫታው፣ ወረፋውና የባለሱቁ ጥድፊያ ሲጨመሩበት ደግሞ ትኩረቱ ይበተናል። ስለዚህ ያንኑ ሒሳብ በቤት ውስጥ በእውነተኛ ብር፣ ቀጥሎም ወረፋ በሌለበት ሰዓት እዚያው ሱቅ፣ ከዚያም በሌላ ሱቅ ማለማመድ ያስፈልጋል።