«ጭስ ካልታየ ንጹህ ነው» እና ሌሎች ስለ ጄት ሞተር የምንሰማቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ሰማይ ላይ አውሮፕላን ነጭ መስመር ጥሎ ሲያልፍ «ያውላችሁ፣ እንዴት እንደሚበክለን!» የሚል አይጠፋም። መስመሩ ግን ጭስ አይደለም። ነዳጅ ሲቃጠል የሚወጣው የውሃ ትነት ከፍታው ላይ ባለው ብርድ በረዶ ሆኖ ነው። መስመሩ ሰፍቶ ሲቆይ ሙቀት የማፈን ጣጣ አለው፤ እሱን አልክድም።

«ጭስ ካልታየ ሞተሩ ንጹህ ነው።» ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነበሩ ጄቶች ሲነሱ ጥቁር ጭስ ይተፉ ነበር። መሐንዲሶች ነዳጁና አየሩ በደንብ እንዲደባለቁ አድርገው ጭሱን አጠፉት። ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ከሞተሩ ሲወጣ በዓይን አይታይም፤ እሱም ሳንባ ይጎዳል።

«እሳቱ በጋለ ቁጥር ቃጠሎው ይጸዳል።» ግማሹ እውነት ነው። የጄት ነዳጅ የላምባ ዘመድ ነው፤ ላምባ ምድጃ ላይ እሳቱ ቢጫ ከሆነ ድስቱ ጥላሸት ይለብሳል፣ አየር አግኝቶ ሰማያዊ ሲሆን ይጸዳል። እስከዚህ ልክ ናችሁ። ሙቀቱ 1500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲያልፍ ግን አየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ራሱ ከኦክስጅን ጋር በብዛት መዋሃድ ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ ትንሽ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ናይትሮጅን ኦክሳይዱ በጣም ይበዛል። እሳቱን አቀዝቅዙት ቢባል ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለ ነዳጅ ይወጣል። የማቃጠያ ክፍል ነዳፊዎች ትግል እዚህ መሐል ነው። አንዱ መላ፣ የሞተር አምራቹ ፕራት ኤንድ ዊትኒ «ታሎን» የሚለው፣ ነዳጅ በበዛበት እሳት ይጀምርና በጎን ቀዳዳዎች ብዙ አየር በአንዴ አስገብቶ አደገኛውን ሙቀት በጥድፊያ ያልፈዋል። ሌላው የሞተር አምራቹ ጂኢ «ታፕስ» የሚለው ነው፤ ነዳጁን ገና ከመነሻው ከብዙ አየር ጋር ደባልቆ ያቃጥላል። የአየር መንገዳችን 737 ማክስ ሞተሮች በዚህ ነው የሚሠሩት። ነዳጅ ያነሰበት እሳት ቶሎ ይጠፋል፣ ይርገበገባልም፤ ስለዚህ ነዳጅ መርጫው መሐል የማይጠፋ ትንሽ እሳት ተቀምጦለታል። እኔ በበኩሌ ከሞተሩ ሁሉ በጣም የማደንቀው ይቺን ነው።

«የሚበክለው ሲነሳ ብቻ ነው።» ናይትሮጅን ኦክሳይዱ አዎ፣ ሙሉ ጉልበት ላይ ይበዛል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን የሚብሰው መሬት ላይ ቀስ እያለ ሲሄድ ነው። ለዚህ ነው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የሞተር ብክለት መለኪያ መሬት ላይ ለሚኬድበት ጊዜ በ7 በመቶ ጉልበት 26 ደቂቃ የሚቆጥረው።

«ሐዋሳ የሚመጣው ባለ ፕሮፔለር እኮ ጄት አይደለም፣ አይመለከተውም።» የዚያን አውሮፕላን፣ የኪው 400ን፣ ፕሮፔለር የሚያሽከረክረው ተርባይን ነው፤ ውስጡ ማቃጠያ ክፍል አለ፣ ነዳጁም ያው ነው።

«ጥሩ ማቃጠያ ክፍል ካርቦን ዳይኦክሳይድንም ይቀንሳል።» አይቀንስም። በረራ ላይ ከነዳጁ 99 በመቶ በላይ ቀድሞውኑ ይቃጠላል፤ ከ1 ኪሎ ነዳጅ 3.16 ኪሎ ገደማ ይወጣል፣ አለቀ። መቀነስ የሚቻለው ትንሽ ነዳጅ በማቃጠል ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ደግሞ የሞተሩ ግፊትና ሙቀት ከፍ ይደረጋል፤ ናይትሮጅን ኦክሳይዱን የሚያበዛውም ያው ሙቀት ነው።