«ስኳር አለብህ» ከተባለ በኋላ፦ በተሳሳተ ትርጉም የሚወሰዱ ቃላት

አንድ ሰው የስኳር ሕመም እንዳለበት በተነገረው ቀን ከሐኪሙ ክፍል ይዞ የሚወጣው የመድኃኒት ማዘዣና የቀጠሮ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ ሰምቷቸው የማያውቅ፣ ወይም በሌላ ትርጉም የሚያውቃቸው ብዙ ቃላትም አብረውት ይወጣሉ። እናቴ ሕመሙ በተገኘባት ሰሞን ክሊኒክ አብሬያት ስመላለስ እነዚህን ቃላት በአንድ ደብተር እጽፍ ነበር። ዛሬ ደብተሩን ስገልጠው፣ በዚያ ዓመት ከሠራናቸው ስህተቶች አብዛኞቹ በትክክል ካልተረዳነው ቃል የመጡ እንደነበሩ አያለሁ።

«ስኳር ማለት ቡና ላይ የምንጨምረው ነው፤ እሱን ከተውኩ ይበቃል።»

በእኔ እምነት የመጀመሪያው ስህተት የሚጀምረው ከሕመሙ ስም ነው። ሐኪም «የደም ስኳር» ሲል ግሉኮስ የሚባለውን፣ ሰውነት ለኃይል ምንጭነት የሚጠቀምበትን ንጥረ ነገር ማለቱ ነው። ግሉኮስ ደግሞ ከጣፋጭ ነገር ብቻ ሳይሆን ከእንጀራ፣ ከዳቦ፣ ከሩዝና ከድንችም ይገኛል፤ ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ካነሰ ወይም ሰውነት በኢንሱሊኑ በደንብ መጠቀም ካቃተው ግሉኮሱ ወደ ሕዋሳት መግባቱን ትቶ በደም ውስጥ ይከማቻል። እናቴ ስኳሩን ትታ ሻይዋን በማር መጠጣት ጀምራ ነበር፤ እንጀራውንም እንደ ወትሮው ትመገብ ስለነበር የደም ስኳሯ አልወረደም። ማርም ቢሆን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። እንጀራን ጨርሶ መተው ግን አያስፈልግም፤ ዋናው ነገር መጠኑንና አብሮት የሚቀርበውን ወጥ ማየት ነው።

«ጾም ላይ ስለሆንኩ የጾም ምርመራውን መስጠት እችላለሁ።»

በሁዳዴ አንድ ጠዋት በላቦራቶሪው መስኮት ፊት ከእኛ ቀድመው የቆሙ እናት ነበሩ። ነርሷ «እማማ፣ ጾመው ነው የመጡት?» ስትላቸው «እንዴታ ልጄ፣ ሁዳዴ አይደል!» አሉ። ደግነቱ ነርሷ በዚህ አላለፈችውም፤ «ጠዋት የቀመሱት ነገር አለ?» ብላ ስትጠይቃቸው ሻይ በዳቦ ቀምሰው እንደመጡ ነገሯት። ለምርመራው «ጾም» ማለት ቢያንስ ለ8 ሰዓት ከውኃ በቀር ምንም አለመቅመስ ነው፤ የጾም ምግብም ምግብ ነው፣ ስኳር የገባበት ሻይም እንዲሁ። በዚህ ሁኔታ የተለካ የደም ስኳር በዴሲሊትር 126 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር ሕመም አለ ይባላል፤ ከ100 እስከ 125 ያለው ደግሞ ቅድመ የስኳር ሕመም ይባላል። ጥያቄው «በባዶ ሆድዎ ነዎት?» ተብሎ ቢቀርብ ብዙ ስህተት ይቀር ነበር።

«ኤችቢኤዋንሲ የደም ማነስ ምርመራ ነው።»

በስሙ መጀመሪያ ያለው «ኤችቢ» ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ስለሆነ ይመስላል ብዙ ሰው እንዲህ የሚያስበው። ምርመራው የሚለካው በቀይ የደም ሕዋሳት ሄሞግሎቢን ላይ የተጣበቀውን ግሉኮስ ነው፤ ሕዋሳቱ 120 ቀን ገደማ ስለሚኖሩ ውጤቱ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ ያሳያል። ስለዚህ ከቀጠሮ በፊት ሁለት ቀን ተጠንቅቆ መመገብ ውጤቱን እምብዛም አይለውጠውም፣ በባዶ ሆድ መምጣትም አያስፈልግም። 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ የስኳር ሕመምን ያመለክታል። 7 በመቶ ማለት ደግሞ በአማካይ 154 ሚሊግራም ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ መደናገር አለ። እንግሊዝ ወይም ስዊድን ያለ ዘመድ በሚልከው መለኪያ ላይ «7» የሚል ቁጥር ቢወጣ ስኳሩ ወርዷል ማለት አይደለም፤ መሣሪያው የሚቆጥረው ሚሊሞል በሚባል ሌላ መስፈሪያ ስለሆነ በ18 ሲባዛ 126 ሚሊግራም ይሆናል።

«ስኳር ላለበት ሰው ስኳር መስጠት በማንኛውም ጊዜ አደገኛ ነው።»

ይህ ስህተት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። መድኃኒት ወስዶ ምግቡ የዘገየበት ሰው የደም ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በታች ሊወርድ ይችላል፤ ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ይርበዋል፣ አንዳንዴም ንግግሩ ይደናገራል። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ እናቴ እንዲህ ስትሆን ጎረቤታችን በቅንነት «ስኳር አለባት እኮ፣ እንዳትሰጧት!» ብላ የያዝኩትን ብርጭቆ ልትቀበለኝ እጇን ዘርግታ ነበር። መደረግ ያለበት ግን ስኳር መስጠት ነው፦ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መለካት፣ ካልተስተካከለ መድገም፣ ሲሻላትም ምግብ ማብላት። ታማሚው ራሱን ከሳተ ወይም መዋጥ ካልቻለ ትን ስለሚለው በአፉ ምንም ሳይሰጡት በፍጥነት ወደ ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል።

«ኢንሱሊን ከታዘዘልኝ አይነት ሁለት የነበረው ወደ አይነት አንድ ተለውጧል።»

አይለወጥም። ሁለቱ የሚለዩት በመነሻቸው ነው፦ በአይነት አንድ የሰውነት መከላከያ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሳት ያጠፋቸዋል፤ በአይነት ሁለት ግን ሰውነት ኢንሱሊኑን በደንብ አይጠቀምበትም፣ ከጊዜ በኋላም የሚመነጨው መጠን ይቀንሳል። ቀድሞ «ኢንሱሊን የሚያስፈልገው» እና «የማያስፈልገው» የሚሉ ስያሜዎች ነበሩ፤ ይህንኑ መደናገር ስለፈጠሩ በ1990ዎቹ መጨረሻ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ተትተዋል። ኢንሱሊን ሱስም አያስይዝም። አይነት አንድ ያለበት ሰው ግን «ተሽሎኛል» ብሎ ቢያቋርጠው በቀናት ውስጥ ለሞት የሚያሰጋ ሁኔታ ላይ ይወድቃል።

«ዩኒትና ሚሊ ሊትር አንድ ናቸው።»

ዩኒት የኢንሱሊን መጠን የሚለካበት መስፈሪያ ነው። በብዛት በምንጠቀምበት ኢንሱሊን ውስጥ አንዱ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ይይዛል፤ ስለዚህ 20 ዩኒት ማለት ከአንድ ሚሊ ሊትር አንድ አምስተኛው ብቻ ነው። በተራ መርፌ መገመት አደገኛ ስለሆነ በዩኒት ምልክት የተደረገበትን የኢንሱሊን መርፌ ከፋርማሲ መጠየቅ፣ ቁጥሩንም ከመወጋት በፊት ሌላ ሰው እንዲያየው ማድረግ ተገቢ ነው፤ በእኛ ቤት ይህን የምትሠራው የ12 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ነች።