የእንጨት ሞዴል መርከብ ሥራ፣ ከጎንደር ሲታይ

የድሮ ባለ ሸራ መርከቦችን አሳንሶ ከእንጨት መሥራት በብዙ አገር የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው በኪት ነው። ኪት ማለት የተቆረጠ እንጨት፣ ክር፣ ትናንሽ የብረታ ብረት ዕቃዎችና የሥራ ንድፍ በአንድ ሳጥን ተሰናድተው የሚሸጡበት ጥቅል ነው። ሳጥኑ ሲከፈት ግን መርከብ የሚመስል ነገር አይታይም። ቀጫጭን ጣውላ፣ በሌዘር የተቆረጠ ኮምፔንሳቶ፣ ብዙ ወረቀት፤ በቃ። ስለዚህ «ተዘጋጅቶ የመጣ ነው፣ ምን ሥራ አለው?» የሚለውን አስተያየት አልቀበልም። ትንሽ የሚባለው ኪት እንኳ ሳምንታት ይፈልጋል። ትልልቆቹ ዓመታት ይወስዳሉ።

መርከብን አሳንሶ መሥራት ጥንታዊ ነው። ግብፆች ከሟች ጋር የጀልባ ሞዴል ይቀብሩ ነበር፤ በቱታንክአሙን መቃብር ብቻ 35 ተገኝተዋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የጦር መርከቦቹን በ1:48 ስኬል፣ ማለትም 48 ጊዜ አሳንሶ፣ በሞዴል ያሠራ ነበር። በናፖሊዮን ጦርነቶች ጊዜ እንግሊዝ የታሰሩ ፈረንሳውያን ደግሞ ከምግባቸው በተረፈ አጥንት ድንቅ መርከቦችን ሠርተው ይሸጡ ነበር። የኪት ንግድ የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የአሜሪካው ሞዴል ሺፕዌይስ በ1946፣ የዴንማርኩ ቢሊንግ ቦትስ በ1958 ተመሠረቱ (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ የጣሊያኖቹ አማቲ፣ ማንቱዋና ኮረል፣ የስፔኖቹ አርቴሳኒያ ላቲና እና ኦክሬ በሙያው ስማቸው ይጠራል።

ከሁሉ በላይ የሚሠሩት መርከቦች ጥቂት ናቸው። በ1765 ባሕር ላይ የወረደችው ባለ 104 መድፏ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቪክቶሪ አለች። ቫሳ በ1628 ስቶክሆልም ላይ ገና በመጀመሪያ ጉዞዋ ሰጥማ በ1961 ከባሕር የወጣች የስዊድን መርከብ ናት። ካቲ ሳርክ ደግሞ በ1869 ከቻይና ሻይ ለማመላለስ የተሠራች ፈጣን መርከብ ናት። ሦስቱም ዛሬ በአካል አሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሠሪው የተጠራጠረውን ክፍል ከእውነተኛው ጋር ማመሳከር ይችላል። የኮሎምቦስ ሳንታ ማሪያ ግን በጊዜው የተሣለ ንድፏ ስላልተገኘ፣ ገበያ ላይ ያለው የእሷ ኪት ሁሉ በግምት የተሠራ ነው።

ስኬል የሚባለው ልኬቱ ነው። 1:48 ሲባል በመርከቡ 48 ሳንቲ ሜትር የሆነው በሞዴሉ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ መርከበኛ 3.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። የካቲ ሳርክ አካል ወደ 65 ሜትር ስለሚጠጋ በ1:96 67 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ምሰሶውና ከአፍንጫው ወደ ፊት የሚወጣው ግንድ ሲጨመሩ ደግሞ ጠረጴዛ ይሞላል። ኪት ከመግዛት በፊት የሚቀመጥበትን ቦታ መለካት ያስፈልጋል።

የሥራው ልብ የመርከቡ አካል ነው። ኪቶች በብዛት የሚከተሉት ዘዴ ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቀው አከርካሪ ይቀመጣል። በእሱ ላይ ጎድኖቹ በ90 ዲግሪ ማዕዘን ይጣበቃሉ። እዚህ ላይ አንድ ጎድን ትንሽ ከዞረ መርከቡ ሁሉ ጠማማ ይወጣል፤ ኋላ በብርጭቆ ወረቀት የሚስተካከል ነገር አይደለም። ኮላው ከደረቀ በኋላ የጎድኖቹ ጠርዝ ይሞረዳል። ጣውላው በነጥብ ሳይሆን በሙሉ ስፋቱ እንዲያርፍ ነው ይህ የሚደረገው። ጀማሪዎች ይህን እርምጃ ይዘሉታል። እኔ ግን ከሥራው ሁሉ የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው እሱ ነው እላለሁ።

ከዚያ ጣውላ ማልበስ ይጀመራል። ጣውላው ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ በሙቀት ይታጠፋል፣ በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ ይደርቃል። አንዱ በግራ ከተጣበቀ ቀጣዩ በቀኝ ነው። አንድ ወገን ብቻ ከተሠራ አከርካሪው ወደዚያ ይሳባል። መርከቡ መሐሉ ሰፊ፣ ፊቱ ጠባብ ስለሆነ እያንዳንዱ ጣውላ ወደ አፍንጫው ሲደርስ መቅጠን አለበት። ሳይቀጥን ከተጣበቀ ይደራረባል፣ ይጎብጣል። ብዙ ኪቶች ሁለት ልብስ አላቸው። የመጀመሪያው ወፈር ያለ ለስላሳ እንጨት ሲሆን ሁለተኛው ከ1 ሚሊ ሜትር የሳሳ፣ ብዙ ጊዜ የዋልነት ጣውላ ነው። የመጀመሪያው ስህተት በሁለተኛው ይሸፈናል። ለዚህ ነው ለጀማሪ ሁለት ልብስ ያለውን የምመክረው፤ ያውም አንድ ምሰሶ ብቻ ያለውን ትንሽ መርከብ። በቪክቶሪ የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ላይ ይተዋታል።

ገመዱ ሌላ ዓለም ነው። ምሰሶውን ደግፎ የሚይዘው ገመድ በእውነተኛው መርከብ ሬንጅ ይቀባ ስለነበር በሞዴሉ ጥቁር ነው። ሸራ የሚያንቀሳቅሰው ገመድ ነጣ ያለ ቡናማ ይሆናል። መርከበኛ የሚወጣበት የገመድ መሰላል በመቶዎች የሚቆጠሩ ቋጠሮዎች አሉት፤ ሁሉም በወረንጦ፣ አንድ በአንድ ይቋጠራሉ። ክሩ ፀጉር እንዳያወጣ በንብ ሰም ይታሻል። ሸራውን ራሱን ግን ብዙዎች አይሰቅሉትም። በጨርቅ የተሠራ ሸራ ለስኬሉ ስለሚወፍርና ገመዱን ስለሚሸፍን ነው። ባዶ ምሰሶ ያምራል፤ በዚህ ከእነሱ ጋር ነኝ።

ጎንደር ላይ ይህ ሥራ የተለመደ ነው ማለት አይቻልም። ኪቱ ከውጭ ነው የሚመጣው። ለጥምቀት የሚመጣ ዘመድ ካለ ትንሽ ኪት ሻንጣ ውስጥ ትገባለች፤ ስለት ያለው መሣሪያ ግን በእጅ ሻንጣ አይያዝም። የቀረው እዚሁ አለ። ኮላ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቫርኒሽ፣ ሞረድ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ይገኛሉ። ሰሙን ከቅዳሜ ገበያ መግዛት ነው፤ ማርና ጧፍ ባለበት አገር ሰም አይጠፋም። የተሰበረ ጣውላ ለመተካት ዋንዛ ጥሩ ነው፤ ለስላሳና ለመላጊያ የሚመች። ወይራ ክብደት ያለውና ጠንካራ ስለሆነ ለትንንሽ መዘውሮች ይሆናል። ቀርከሃ ተሰንጥቆ ሲሳሳ ለእንጨት ሚስማር የሚወዳደረው የለም። ባሕር ዛፍ ግን ይሰነጠቃል፣ ይጣመማልም፤ ለዚህ ሥራ ባይነካ ይሻላል። ትንሽ ነገር በእጅ መሥራትም ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ በቤተ እስራኤል ሴቶች የሸክላ ምስሎች ስትታወቅ የኖረች መንደር ናት።

ጎንደር ከባሕር ሩቅ ናት፤ ከውኃ ግን አይደለችም። ወደ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ሲወረድ ጎርጎራ ናት። ጣና ዳር። እዚያ ታንኳ አለ። የደንገል ግንድ ደርቆ፣ በእስር በእስር ታስሮ፣ ፊቱ ወደ ላይ ቀና ብሎ የሚሠራ ጀልባ ነው። ጥበቡ ከሁሉ በላይ የወይጦ ሰዎች ነው። ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ ይደርቃል። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፤ ሲበሰብስ ሌላ ይታሰራል። አፄ ቴዎድሮስም ጣና ላይ ከደንገል ትልቅ ጀልባ አሠርተው፣ በጎኗ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር አስገጥመው፣ የእንፋሎት መርከብን ለመምሰል ሞክረው ነበር። ይህን የጻፈው በእሳቸው ዘንድ ታስሮ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ነው።

ኪት ሠርቶ የጨረሰ የጎንደር ሰው ቀጥሎ ታንኳ ይሥራ ባይ ነኝ። ባሕር ዳር አካባቢ ለጎብኚ የሚሸጡ ትንንሽ ታንኳዎች አሉ፤ ያምራሉ፣ ግን በልኬት የተሠሩ አይደሉም። እዚህ የምለው ሌላ ነው። ሜትር ይዞ መውረድ፤ ርዝመቱን፣ የመሐሉን ስፋት፣ የፊቱን ወደ ላይ ቀና ማለት፣ የእስሮቹን ርቀት መለካት። ሠሪውን አባባ ብሎ ቀርቦ የትኛው እስር መጀመሪያ እንደሚታሰር መጠየቅ። 5 ሜትር ታንኳ በ1:20 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሙሉ ደንገል ለዚህ ስኬል ስለሚወፍር ተሰንጥቆ መሳሳት አለበት። ጣውላ ማልበስ እዚህ አያስፈልግም፤ መለካት፣ መሳል፣ ክር ማሰር ግን ከኪቱ የተገኘ ትምህርት ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ የመስታወት ሳጥን ያስፈልጋል። በበጋ አቧራው ገመድ ውስጥ ከገባ ማውጣት ከባድ ነው። የጎንደር ክረምትና በጋ የአየር እርጥበታቸው ስለሚለያይ እንጨቱ ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ ክረምት ላይ በጣም ተወጥሮ የታሰረ ክር በበጋ ሊረግብ ይችላል። ሁለት ጊዜ ስስ ቫርኒሽ መቀባት እርጥበቱን ይቀንሳል። ፀሐይ በቀጥታ ከሚገባበት መስኮትም መራቅ አለበት፤ ክሩን ታነጣዋለች።