«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም»

አዲስ ተቀጣሪ ሒሳብ ሲያዛባ ወይም ጀማሪ ግንበኛ ግድግዳ ሲያጣምም ይህ አባባል ይሰነዘራል። ልምድ የሌለው ሰው የያዘው ሥራ ከዳር አይደርስም ማለት ነው።

መነሻው ጓዳ ነው። ማቡካት ዱቄትና ውኃ መቀላቀል ብቻ አይደለም። እርሾው ይመጠናል፣ የጓጎለው በመዳፍ ታሽቶ ይጠፋል፣ ቡሃቃው ተከድኖ ይሰነብታል፣ ከዚያ አብሲት ይጣልበታል። የልጅ እጅ ደግሞ ትንሽ ነው። «አይበቃም» የምትለዋ ቃል ሁለት ነገር ትይዛለች፤ ሊጡ ለቤተሰቡ አይዳረስም፣ አቡኪውም ገና አልበቃም። «የበቃ ሰው» ስንል እንደምንለው።

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ ጎረቤታችን ቤት ነው። ሙቀቱ በረድ ሲል አያት የማሽላና የጤፍ ዱቄት ያቦካሉ። የ4 ዓመት የልጅ ልጃቸው እጇን እስከ ክርኗ ቡሃቃው ውስጥ ነከረች። «ተይ እናቴ፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም!» አሉ እየሳቁ። አልተቆጧትም። እሷ ግን እጇን ከጀርባዋ ደበቀች፣ ሊጡ በቀሚሷ ላይ ወረደ። በማግስቱ ቢጠሯትም ከጓዳው በር አላለፈችም።

እ.ኤ.አ. በ1902 የተወለደው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤሪክ ኤሪክሰን የሰውን ዕድሜ በ8 ደረጃዎች ከፍሎታል። ሕፃን መጀመሪያ የሚማረው ሲያለቅስ የሚደርስለት እንዳለ ማመንን ነው። ወደ 2 እና 3 ዓመት ገደማ «እኔ እላሴ!» ይመጣል፤ ጫማውን አዟዙሮ ያጠልቃል፣ ከተሳቀበት ያፍራል፣ ራሱን ይጠራጠራል። ከ3 እስከ 5 ወይም 6 ዓመት ያለው ግን የተነሳሽነት ዕድሜ ነው። ልጅ ይጠይቃል፣ ይፈጥራል፣ ከትልቅ ሰው ሥራ ውስጥ ይገባል። ሁልጊዜ ከተመለሰ፣ መፈለጉ ራሱ ጥፋት እየመሰለው ይሄዳል። የዚያች ልጅ እጅ ከጀርባዋ የተደበቀው በዚህ ዕድሜ ላይ ነው።

አያትየዋን አልወቅስም፤ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያይዋት። አባባሉም ስለ ሊጡ እውነት ነው። ልጅ ፊት መባሉን ግን አልወደውም። ደግሞ ያው ጓዳ እንጎቻ የሚባል ነገር አለው፤ ለልጅ ተብላ የምትጋገር ትንሽዬ እንጀራ።

በጋገሩበት ቀን እናቷ ሊጥ በሲኒ ቀድታ ሰጠቻት፤ እጇን ይዛ ምጣዱ ላይ አፈሰሱት። እንጎቻዋ በአንድ በኩል ወፍራም ሆነች፣ ዓይንም ብዙ አላወጣች። ልጅቷ አራት ቦታ ቆርሳ አደለችን፤ ትልቁን ለአያቷ።