የጡት ካንሰር ምርመራና ሕክምና በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚይዙት ካንሰሮች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2020 በአገሪቱ 16 ሺህ ገደማ አዲስ ታማሚዎች እንደነበሩ ገምቷል። ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም ወንዶችም ይያዛሉ።

በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ወተት ከሚያልፍባቸው ቱቦዎች ውስጠኛ ሽፋን ነው። ከዚያ በብብት ወዳሉት ንፍፊቶች ይሻገራል፤ ሲቆይም አጥንት፣ ሳንባ፣ ጉበትና አንጎል ይደርሳል። ክፋቱ፣ እብጠቱ በአብዛኛው አያምም። የሚያም ነገር ሐኪም ቤት ያስሮጣል፤ የማያም እብጠት ግን «ብርድ ነው»፣ «ወተት ቋጥሮ ነው» እየተባለ ወራት ያልፉበታል። ጠበል የሚጠመቁም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚሞክሩ ሴቶች ምርመራውን ጎን ለጎን ቢያደርጉት የሚያጡት ነገር የለም።

ጡትን ለመዳበስ የሚመቸው የወር አበባ ከጀመረ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ያኔ ጡት ይለሰልሳል። በጀርባ ተንጋሎ፣ በሦስት ጣቶች ውስጠኛ ገጽ፣ ከአንገት ሥር አጥንት እስከ ጡት ግርጌ፣ ብብትንም ሳይረሱ መዳበስ ነው። አዲስ ጠጣር እብጠት፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ወይም የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ቆዳ ከታየ ቀጠሮ አያሻውም፤ በዚያው ሳምንት መታየት ያስፈልጋል።

ብዙ ሕክምና የሚበላሸው ከእብጠቱ ለምርመራ የሚወሰደው ናሙና ላይ ነው። በቀጭን መርፌ የሚቀዳው ናሙና ካንሰር መኖሩን ሊያሳይ ይችላል፤ መድኃኒት ለመምረጥ ግን ወፈር ባለ መርፌ የሚወሰድ ቁራጭ ሥጋ ይሻላል። ካንሰሩ ኤስትሮጅን በሚባለው የሴት ሆርሞን የሚያድግ መሆኑና ኸር-2 የሚባለው ፕሮቲን መብዛቱ በደንብ የሚታወቀው ከዚህ ነው። ቁራጩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ናሙና እንዳይበላሽ በሚጠብቀው ፈሳሽ፣ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት፤ የፎርማሊኑ መጠን የናሙናውን አሥር እጥፍ ያህል ይሁን። በጨው ውኃ ከተቀመጠ ይበሰብሳል፤ ፎርማሊን ውስጥ ከ6 ሰዓት ካነሰ ወይም ከ72 ሰዓት ካለፈ ውጤቱ ሊሳሳት ይችላል። ብልቃጡን ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ስለሆነ፣ ስም፣ ቀኝ ወይም ግራ፣ የተወሰደበት ቀንና ሰዓት በላዩ መጻፉን አይቶ መቀበል ይገባል። «ቢላ ወይም መርፌ ከነካው ይዛመታል» የሚባለው እውነት አይደለም፤ ይህ አባባል ግን ብዙ ሴቶችን አስቀርቷል።

ጡትን ሳይቆርጡ እብጠቱን ብቻ ማውጣት ይቻላል፤ ሆኖም በአብዛኛው የጨረር ሕክምና ሊከተለው ይገባል። ጨረር ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበርና ታማሚዎችም ዘግይተው ስለሚደርሱ፣ ጡትን ከብብት ንፍፊቶች ጋር ማውጣት የተለመደ ሆኗል።

በኬሞቴራፒ፣ ማለትም የካንሰር ሴሎችን በሚገድሉ መድኃኒቶች ሕክምና፣ ከተለመዱት አሰጣጦች አንዱ ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ በየ21 ቀኑ 4 ዙር፣ ቀጥሎ ፓክሊታክሴል ነው። ዶክሶሩቢሲን ቀይ ነው፤ ሽንትን ለአንድ ሁለት ቀን ቢያቀላ አያስደነግጥም። ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ግን ሥጋ ያቆስላል፤ ክንድ ላይ ማቃጠል የተሰማት ታማሚ ያኔውኑ ለነርሷ ትንገር። ነጭ የደም ሴል ዝቅ የሚለው መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። በእነዚያ ቀናት 38 ዲግሪ ትኩሳት ካለ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል መሄድ እንጂ ፓራሲታሞል ውጦ ማደር አይገባም።

ካንሰሩ በኤስትሮጅን የሚያድግ ከሆነ ታሞክሲፌን 20 ሚሊግራም በየቀኑ ቢያንስ ለ5 ዓመት ይወሰዳል። ብዙዎች «ድኛለሁ» ብለው በመሃል ያቋርጡታል፤ ኪኒኑ የሚጠብቀው ግን ይህኑ ደህና የሚመስለውን ጊዜ ነው። ኸር-2 ለበዛበት ካንሰር ትራስቱዙማብ የሚባል መድኃኒት ለአንድ ዓመት ይሰጣል፤ ዋጋው የብዙ ቤተሰብ አቅም አይደርስበትም። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና አዲስ አበባ የሚመጡና ማደሪያ የሌላቸው ታማሚዎች ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መጠየቅ ይችላሉ፤ ማኅበሩ ማረፊያ አለው።